ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ድንጋይ እና ቻርጀር እንዴት ይመረጣል? ከግዢ እስከ አያያዝ

ሁሌ የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው፦ «የሪሞቱ የማውሱ የልጆች መጫወቻው ባትሪ ድንጋይ በየጊዜው እየገዛን መጣል ሰለቸን፣ ቻርጅ የሚደረገውን ልንገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» ትንሽ ቆይቶ ደሞ ሁለተኛው ይከተላል፣ «ገዛን ግን ወዲያው ያልቃል፣ ሳንሸወድ አልቀረንም» የሚል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በስርአት ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ባትሪን ቶሎ የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ቻርጀሩ ነው። ምርጥ የተባለ ባትሪ ገዝታችሁ ዝም ብሎ ኃይል የሚያፈስ ቻርጀር ላይ ብትሰኩት በአጭር ጊዜ ይደክማል፣ መካከለኛ ባትሪ ግን ጥሩ ቻርጀር ካገኘ አመታት ያገለግላል። ስለዚ በጀቱ ጠበብ ካለ የባትሪውን ብዛት ቀንሱ እንጂ ቻርጀሩ ላይ አትቆጥቡ።

እዚ የማወራው በዋናነት ስለ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ ነው። ደብል ኤ የሚባለው ወፈር ያለው ነው፣ ርዝመቱ 50.5 ሚሊሜትር ውፍረቱ 14.5 ሚሊሜትር አካባቢ፤ ትሪፕል ኤ ደሞ ቀጭኑ፣ 44.5 በ10.5። የቤት እቃ አብዛኛው በነዚ ሁለቱ ነው የሚሰራው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

– ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሆነ ባትሪ (ለምን እንደሆነ 2ኛው ላይ አለ)
– እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻው የሚቆጣጠር ቻርጀር
– ቻርጀሩ በዩኤስቢ የሚሰራ ከሆነ 5 ቮልት 2 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር
– የማይለቅ ማርከር
– ባትሪ ማስቀመጫ የፕላስቲክ ሳጥን
– ካላችሁ ቮልት የሚለካ ቴስተር እና ግራም የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን፣ ግዴታ አደለም ግን በጣም ይጠቅማል

1. መጀመሪያ ቤት ያለውን እቃ ቁጠሩ

ወረቀት ያዙና በባትሪ የሚሰራውን እቃ ሁሉ ጻፉ፣ አጠገቡ ስንት ድንጋይ እንደሚወስድ፣ ደብል ኤ ይሁን ትሪፕል ኤ፣ እና በምን ያህል ጊዜ እንደምትቀይሩለት። ይሄን ሳያደርግ የሚገዛ ሰው ትሪፕል ኤ ሚያስፈልገው ሆኖ ስምንት ደብል ኤ ይዞ ይመጣል።

ከዛ ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ወገን ኃይል የሚበላው ነው፦ የጌም ጆይስቲክ፣ የካሜራ ፍላሽ፣ ሞተር ያለው መጫወቻ፣ ባትሪ መብራት፣ ገመድ አልባ ማውስ እና ኪቦርድ፣ ማይክ ምናምን። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ወጪውን ቶሎ የሚመልሰው እዚ ላይ ነው ምክንያቱም በየሳምንቱ በየወሩ ነው የምትቀይሩት። ሁለተኛው ወገን ትንሽ ትንሽ የሚቀምሰው ነው፦ የግድግዳ ሰአት፣ የቲቪ ሪሞት፣ ቴርሞሜትር። እነዚ አንዴ ከገባላቸው አመት እና ከዛ በላይ ስለሚቆዩ ቻርጅ የሚደረግ ባታስገቡም የምታጡት ብዙ የለም፣ ማስገባት ከፈለጋችሁ ግን 4ኛው ላይ ያለውን አይነት ብቻ ነው መሆን ያለበት።

ብዛቱን ስታሰሉ ኃይል ለሚበላው እቃ የሚያስፈልገውን ደምሩና አንድ ትርፍ ሴት (አንድ እቃ ውስጥ ባንዴ የሚገቡትን ድንጋዮች ማለቴ ነው) ጨምሩ። ትርፉ ለምንድነው ካላችሁ፣ አንዱ ሴት ቻርጅ ላይ እያለ እቃው ስራ እንዳይፈታ ነው። ትርፍ ከሌላችሁ ያላለቀውን ከቻርጀር ላይ እየነቀላችሁ ትጠቀማላችሁ፣ ያ ደሞ ነገሩን ያስጠላችኋል።

2. አይነቱን ምረጡ

ገበያ ላይ በዚ መጠን ቻርጅ የሚደረጉ ሶስት አይነቶች ታገኛላችሁ።

ኒኬል ካድሚየም፦ የድሮው ነው፣ ካድሚየም መርዛማ ነው፣ የሚይዘውም ኃይል ትንሽ ነው። እለፉት።

ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ፦ ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው መልስ ይሄ ነው። 1.2 ቮልት ተብሎ ተጽፎበት ስታዩ አትደንግጡ። «ተራው ድንጋይ 1.5 ነው፣ ይሄ አነሰ እኮ» የሚል ጥያቄ ይበዛል። ነገሩ እንዲ ነው፦ ተራው አልካላይን 1.5 የሚሰጠው አዲስ ሲሆን ብቻ ነው፣ ስራ ላይ ከዋለ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየወረደ 1.3፣ 1.2፣ 1.1 እያለ ነው የሚያልቀው። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግን ከቻርጀር ሲወጣ 1.4 አካባቢ ይሆንና ቶሎ ወደ 1.2 ወርዶ እዛው ላይ ብዙ ይቆያል፣ መጨረሻ ላይ ነው ዝቅ የሚለው። እንደውም ኃይል በሚበላ እቃ ላይ አልካላይኑ ከሱ በታች የሚወርድበት ጊዜ ይበዛል። ስለዚ እቃው በደንብ የተሰራ ከሆነ በ1.2 ችግር የለበትም። ብዙ ድንጋይ በተከታታይ የሚያስገባ እቃ ላይ ግን ልዩነቱ ይደመራል፣ አራት ሲሆን 6 ቮልት የነበረው 4.8 ይሆናል፣ አንዳንድ እቃ ይሄን ሲያይ ባትሪ አልቋል ብሎ ሊጠፋ ይችላል። የእቃውን ማንዋል እዩ፣ ቻርጅ የሚደረግ አትጠቀሙ ካለ አትጠቀሙ።

1.5 ቮልት ሊቲየም አዮን፦ በቅርብ አመታት የበዛው ይሄ ነው። ውስጡ 3.7 ቮልት የሆነ ትንሽ ሊቲየም አለ፣ ጫፉ ላይ ደሞ ቮልቱን ወደ 1.5 የሚያወርድ ትንሽ ሰርኪት ተገጥሞበታል። ጥቅሙ እስኪያልቅ ድረስ 1.5 መስጠቱ ነው፣ ስለዚ በ1.2 አልሰራም የሚል እቃ ካላችሁ ለሱ መፍትሄ ነው። ጉዳቱ ደሞ ሲያልቅ ሳያስጠነቅቅ ድንገት ድርግም ማለቱ፣ ውስጡ ያለው ሰርኪት አንዳንዴ ሬድዮ እና ገመድ አልባ ማይክ ላይ ጩኸት ማስገባቱ፣ እና የራሱ ቻርጀር ወይም በራሱ ላይ ያለ የዩኤስቢ ቀዳዳ ማስፈለጉ ነው። ለጆይስቲክ እና ለመጫወቻ ጥሩ ነው፣ ለመላው ቤት ግን እኔ አልመርጠውም።

የሱን መጠን ስታዩ አትሸወዱ፣ ብዙ ጊዜ የሚጻፍበት በኤምኤኤች (ሚሊ አምፔር ሰአት) ሳይሆን በኤምደብሊውኤች (ሚሊ ዋት ሰአት) ነው፣ ያ ደሞ ቁጥሩን ትልቅ ያስመስለዋል። ለምሳሌ 3000 ኤምደብሊውኤች የተባለው ለ1.5 ሲካፈል 2000 ኤምኤኤች ነው። ተራው 2000 ኤምኤኤች ኒኬል ደሞ በ1.2 ሲባዛ 2400 ኤምደብሊውኤች ነው። ልዩነቱ ማሸጊያው ላይ እንደሚመስለው ሰፊ አደለም።

3. የኤምኤኤች ቁጥር አያታላችሁ

ኤምኤኤች ማለት ባትሪው የሚይዘው መጠን ነው፣ ከፍ ሲል በአንድ ቻርጅ ረዘም ላለ ሰአት ይሰራል። ሰው ሁሉ ትልቁን ቁጥር ነው የሚያነሳው፣ እኔ ግን መካከለኛውን አንሱ ነው የምለው፣ ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛ ውሸት አለ። በኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ደብል ኤ ውስጥ በእውነት የሚገባው እስከ 2700 ወይም 2800 ነው፣ ትሪፕል ኤ ውስጥ ደሞ እስከ 1100 አካባቢ። ደብል ኤ ሆኖ 3500፣ 4000 ምናምን የሚል ካያችሁ ስቲከሩ ላይ የታተመ ቁጥር ነው እንጂ ውስጡ የለም፣ አምራቹ በዚ ከዋሸ በሌላውም አይታመንም።

ሁለተኛ እውነተኛ ትልቅ መጠን ያለውም ቢሆን እድሜውን ይከፍላል። ብዙ ነገር በዛች ጠባብ ቆርቆሮ ውስጥ ለማስገባት መለያያ ሽፋኖቹን ማሳሳት የግድ ስለሚሆን ቶሎ ይደክማል። የታወቀ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ የፓናሶኒክ ኢኔሉፕ ተራው ደብል ኤ ቢያንስ 1900 ኤምኤኤች ሲሆን አምራቹ እስከ 2100 ጊዜ ቻርጅ ይደረጋል ይላል፣ ፕሮ የሚባለው ደሞ ቢያንስ 2500 ሆኖ እስከ 500 ጊዜ። ያው ይሄ በላብራቶሪ የተለካ ነው፣ ቤት ውስጥ ከዛ ያንሳል፣ ግን በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ፍላሽ ለሚጠቀም ፎቶ አንሺ ፕሮው ይገባዋል፣ ለቤት ግን ለደብል ኤ ከ1900 እስከ 2100፣ ለትሪፕል ኤ ከ750 እስከ 900 በቂ ነው።

4. ቻርጁን ይዞ የሚቆየውን ብቻ ግዙ

ይሄን ነጥብ ነው ሰው የሚዘለው። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ በሁለት አይነት ይሰራል። የድሮው አይነት ቻርጅ አድርጋችሁ መሳቢያ ውስጥ ብታስቀምጡት ማንም ሳይነካው በሳምንታት ውስጥ ብዙውን ያጣል፣ ልክ እንደሚያንጠባጥብ ጀሪካን። አዲሱ አይነት ሎው ሰልፍ ዲስቻርጅ ይባላል፣ ከአመት በኋላም አብዛኛውን ይዞ ይገኛል።

ማሸጊያው ላይ በዚ ስም ላይጻፍ ይችላል፣ ስለዚ ሌላ ምልክት ፈልጉ፦ «ፕሪ ቻርጅድ» ወይም «ሬዲ ቱ ዩዝ» የሚል ጽሁፍ፣ ወይም «ከአንድ አመት በኋላ ይሄን ያህል ፐርሰንት ይይዛል» የሚል ቁጥር። ፋብሪካ ቻርጅ ተደርጎ ወራት መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ሲከፈት የሚሰራ ከሆነ ቻርጁን የሚይዝ ነው ማለት ነው። «ከመጠቀምዎ በፊት ቻርጅ ያድርጉ» ብቻ የሚል ከሆነ የድሮው የመሆን እድሉ ሰፊ ነው።

ሪሞት እና ሰአት ውስጥ የድሮውን አስገብቶ «በሁለት ወር አለቀ» የሚለው ሰው ባትሪውን የጨረሰው ሪሞቱ አደለም፣ ባትሪው ራሱ ነው ያፈሰሰው።

5. ቻርጀሩን ምረጡ

እዚ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

መጀመሪያ የማይገዛውን ልንገራችሁ። ርካሾቹ ቻርጀሮች ሁለት አይነት ናቸው፣ ወይ ምንም ሳይለኩ እስክትነቅሉት ድረስ ኃይል የሚልኩ፣ ወይ ደሞ ሰአት ቆጥረው የሚያቆሙ። ሰአት ቆጣሪው የተሻለ ይመስላል ግን ባትሪው ባዶ ይሁን ግማሽ አያውቅም፣ ግማሽ የነበረውንም እንደ ባዶ ቆጥሮ ሙሉውን ሰአት ይሞላዋል። ከሞላ በኋላ የሚገባው ኃይል የትም አይሄድም፣ ወደ ሙቀት ነው የሚቀየረው፣ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፣ ጋዙ ሲበዛ በማስተንፈሻው በኩል እርጥበቱን ይዞ ይወጣል፣ ውስጡ ቀስ እያለ ይደርቃል። «አዲስ ሆኖ ቶሎ ያልቃል» የሚባለው ባትሪ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይሄ ነው።

ጥሩ ቻርጀር ይሄን እንዴት ያውቃል? ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሲሞላ ቮልቱ እየጨመረ ይሄድና ልክ ሲሞላ በጣም ትንሽ፣ ጥቂት ሚሊ ቮልት፣ ዝቅ ይላል። ቻርጀሩ ይቺን መውረድ ጠብቆ ነው የሚያቆመው፣ ጥሩ የሆነው ደሞ ሙቀቱንም ይለካል። ማሸጊያው ላይ «ኔጌቲቭ ዴልታ ቪ» ወይም «ስማርት ቻርጀር» የሚል ጽሁፍ ይኖራል፣ ስማርት የሚለውን ቃል ግን ብቻውን አትመኑት፣ ማንም ነው የሚለጥፈው።

ስለዚ የሚከተሉትን ጠይቁ፦

ሀ) እያንዳንዱን ለብቻው ቻርጅ ያደርጋል ወይ? ይሄ ዋናው ነው። ብዙ ቻርጀር አራት ቦታ ኖሮት ሁለት ሁለቱን አጣምሮ ነው የሚሞላው፣ የሚያየውም የሁለቱን ድምር ነው። አንዱ ሙሉ ሌላው ግማሽ ከሆነ ግማሹ እስኪሞላ ሙሉው ይቃጠላል። ለመለየት ቀላል ነው፣ አራት ቦታ ኖሮት መብራቱ ሁለት ብቻ ከሆነ ጥንድ ነው፤ አንድ ወይም ሶስት ባትሪ ብቻ አስገብታችሁ ከሰራ ለብቻ ለብቻ ነው። መመሪያው ላይ «በጥንድ ብቻ ያስገቡ» ካለ ተዉት።

ለ) የሚልከው ኃይል ስንት ነው? ለደብል ኤ ከ500 እስከ 1000 ሚሊ አምፔር፣ ለትሪፕል ኤ ከ300 እስከ 500 ጥሩ ነው። በጣም ሲበዛ ይሞቃል፣ በጣም ሲያንስ ደሞ ያቺ የቮልት መውረድ ከማነሷ የተነሳ ቻርጀሩ ላያያት ይችላል፣ ሳያቆም ይቀጥላል። በ15 ደቂቃ በ30 ደቂቃ ይሞላል የሚሉትን እኔ አልመክርም፣ ፍጥነቱ የሚከፈለው በባትሪው እድሜ ነው። አንዳንዱ ቻርጀር ሁለት ሲገባበት 1000፣ አራት ሲገባበት 500 ነው የሚልከው፣ ይሄ ጉድለት አደለም፣ ጀርባው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሐ) ምን አይነት ባትሪ ይቀበላል? ኒኬል ብቻ የሚሞላ አለ፣ ሁለቱንም ኒኬል እና ሊቲየም የሚሞላ አለ። ሁለቱንም የሚችለው አይነቱን ራሱ የሚለይ ወይም በግልጽ እንድትመርጡ የሚያደርግ መሆን አለበት።

መ) ስክሪን እና የመፈተሻ ሞድ አለው ወይ? ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ፣ አራግፎ፣ እንደገና ሞልቶ «ይሄ ባትሪ በእውነት 1870 ኤምኤኤች ነው የያዘው» ብሎ የሚነግራችሁ ቻርጀር አለ። ዋጋው ከፍ ይላል ግን ከስምንት በላይ ባትሪ ላለው ቤት ይገባዋል፣ ምክንያቱም የትኛው እንደደከመ በግምት ሳይሆን በቁጥር ታውቃላችሁ።

ባትሪውን የሚይዘውን ሽቦ ወይም ስፕሪንግ በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩት። ላላ ካለ፣ ባትሪው ውስጡ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ቻርጀሩ አዲስ ባትሪ የገባ መስሎት ከዜሮ ሊጀምር ይችላል፣ የሞላውን እንደገና ይሞላዋል።

6. ገዝታችሁ ስትመጡ ፈትሹ

ባትሪውን ከፖዘቲቩ በኩል፣ ከላይ ከጉጡ ጋር፣ ተጠግታችሁ እዩት። መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ጉጥ ብቻ ናት ፖዘቲቭ፣ ዙሪያዋን ያለው ጠርዝ ግን የቆርቆሮው አካል ስለሆነ ኔጌቲቭ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ሚሊሜትር ያህል ነው። ቀለበቱ ከሌለ ወይም የላይኛው ስቲከር ተቀዶ ጠርዙ ከታየ የእቃው ብረት ሁለቱን ባንዴ ነክቶ ሾርት ያደርጋል። እንዲ የሆነ ባትሪ አዲስም ቢሆን አትጠቀሙት።

ሚዛን ካላችሁ መዝኑት። እውነተኛ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ደብል ኤ ከ26 እስከ 31 ግራም ነው፣ ትሪፕል ኤ ከ12 እስከ 13 አካባቢ። ደብል ኤ ሆኖ 16 እና 18 ግራም ከመዘነ ውስጡ የተጻፈውን ሊይዝ አይችልም። ሰውነቱ ላይ የተመረተበት አመተ ምህረት እና ወር ታትሞ ካገኛችሁ ደሞ እዩት፣ ብዙ አመት መጋዘን የተቀመጠ ባትሪ መጀመሪያ ላይ ደከም ይላል፣ ሁለት ሶስት ጊዜ ሞልታችሁ ስትጠቀሙት ይነቃል።

ትላልቆቹን፣ ሲ እና ዲ የሚባሉትን፣ ከገዛችሁ ክብደት የበለጠ ወሳኝ ነው። ብዙዎቹ ሰፊ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ደብል ኤ የተቀመጠባቸው ናቸው። ዲ ሆኖ 2500 ኤምኤኤች ካለ እሱ ነው፣ እውነተኛው ከ8000 እስከ 10000 ነው፣ ስታነሱት ከብዶ ይታወቃችኋል።

7. ቁጥር እና ፊደል ጻፉባቸው

አብረው የተገዙትን በማርከር ሀ1 ሀ2 ሀ3 ሀ4፣ ቀጣዩን ሴት ለ1 ለ2 እያላችሁ ጻፉ፣ የተገዙበትንም አመት ጨምሩ። ከዛ በኋላ ሀ ከሀ ጋር ብቻ ነው እቃ ውስጥ የሚገባው።

ይሄ ለጽዳት ያህል አደለም። አራት ድንጋይ ተደርድረው ሲሰሩ ሁሉም ላይ የሚያልፈው ከረንት አንድ አይነት ነው፣ ከመሀላቸው አንዱ ያረጀ ወይም ትንሽ መጠን ያለው ከሆነ ቀድሞ ባዶ ይሆናል፣ ሌሎቹ ግን ገና ስላላቸው በሱ ውስጥ መግፋታቸውን ይቀጥላሉ፣ ባዶውን ወደ ተቃራኒው ፖላሪቲ ይገለብጡታል። እንዲ የተገለበጠ ባትሪ አንዴም ቢሆን ጉዳት ያገኘዋል፣ ከተደጋገመ በቃ ሞተ። በተለይ ባትሪ መብራት አጥፍቶ ሳይሆን ራሱ እስኪጠፋ ድረስ የሚጠቀም ሰው በዚ ነው የሚጎዳው።

8. ቻርጅ ስታደርጉ

– ፖዘቲቭ ኔጌቲቩን አስተካክላችሁ አስገቡ፣ ጫፉ ላይ ቆሻሻ ካለ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።
– ጠንካራ እና አየር የሚያገኝ ቦታ ላይ አስቀምጡት፣ አልጋ ላይ ትራስ ላይ አይሁን። ፀሀይ ላይም አይሁን፣ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ያለ ቦታ ይስማማዋል።
– ወደ መጨረሻው ሞቅ ማለቱ የጤና ነው። በእጅ ለመያዝ እስኪከብድ ከጋለ ንቀሉት፣ ወይ ቻርጀሩ አላቆመም ወይ ባትሪው ደክሟል።
– ጊዜውን ለማስላት፦ ኤምኤኤቹን በ1.2 አባዙና ቻርጀሩ በሚልከው አካፍሉ። 2000 ኤምኤኤች በ500 ሲሞላ 5 ሰአት አካባቢ ነው። ቻርጀሩ በአንድ ሰአት ሞላሁ ካለና ባትሪው ባዶ ከነበረ አንዱ ጋር ችግር አለ።
– ሲሞላ አውጡ። ጥሩ ቻርጀር ላይ አንድ ሌሊት ቢያድር ምንም አይልም፣ ለሳምንታት ግን እዛው አይቀመጥ።

ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ጠብቁ የሚለው የድሮ ምክር ለዚ አይነት ባትሪ አይሰራም። ግማሽ ላይ ብትሞሉት አይጎዳም፣ የሚጎዳው እስከ ድርቀት ድረስ መጠቀም ነው። በቴስተር ስትለኩት ከ1 ቮልት በታች ከሆነ ከዛ በላይ አትግፉት።

ቻርጀሩ አንዱን ባትሪ አልቀበልም፣ ኤረር ካለ ብዙ ጊዜ ባትሪው ከመጠን በላይ ባዶ ሆኖ ቻርጀሩ ባትሪ መሆኑን ስላልለየው ነው። ማንቂያ ሞድ ያለው ቻርጀር ካላችሁ በሱ ሞክሩ፣ የድሮ ተራ ቻርጀር ካላችሁም አጠገቡ ሆናችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሰክታችሁ መልሳችሁ ወደ ጥሩው አዙሩት። ከዛም በኋላ እምቢ ካለ አትታገሉት።

9. እቃው ውስጥ ስታስገቡ

የባትሪ መጠን ማሳያ ያለው እቃ ገና ሙሉ ሆኖ «ግማሽ» ወይም «ሊያልቅ ነው» ሊላችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም ማሳያው የተሰራው ለአልካላይን ቮልት ነው። ማሳያውን ሳይሆን እቃው የሚሰራበትን ሰአት ተመልከቱ።

ድሮ አልካላይን ፈሶበት የነበረ እቃ ከሆነ ስፕሪንጉ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት ሳታጸዱ አዲስ ባትሪ አታስገቡ፣ ኃይሉን ያግደዋል። ዱቄቱ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚመጣ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ስለዚ ጓንት አድርጋችሁ ጥጥ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ትንሽ አርጥባችሁ ጥረጉት፣ ቀጥላችሁ ውሀ በነካ ጥጥ፣ ከዛ በደንብ ይድረቅ። ወደ አይን እንዳይረጭ ተጠንቀቁ።

10. አቀማመጥ

በፕላስቲክ ሳጥን፣ ደረቅ እና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ። ፍሪጅ አያስፈልግም። የማትጠቀሙበት ከሆነ በአመት አንዴ ሙሉት። ኪስ ውስጥ ከቁልፍ እና ከሳንቲም ጋር በፍጹም አትያዙ፣ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሾርት ሲሆን ባንዴ ብዙ አምፔር ይለቃል፣ ቁልፉ ያቃጥላችኋል።

ማስጠንቀቂያ

ተራውን አልካላይን እና ካርቦን ዚንክ ድንጋይ ቻርጀር ውስጥ አታስገቡ። ጋዝ ይፈጥራል፣ ያፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ልጆች ካሉ ሁለቱን በተለያየ ሳጥን አስቀምጡ፣ ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።

ሊቲየሙን በኒኬል ቻርጀር፣ ኒኬሉን በሊቲየም ቻርጀር አታድርጉ። ሊቲየም የሚሞላው እስከ 4.2 ቮልት ነው፣ ኒኬል በዛ ቮልት ይቃጠላል። 1.5 ቮልቱን ሊቲየም ለሱ በተሰራ ቻርጀር ወይም በራሱ የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ሙሉት።

14500 የሚል ቁጥር ያለው ባትሪ መጠኑ ልክ እንደ ደብል ኤ ነው ግን 3.7 ቮልት ነው። ሪሞት ወይም መጫወቻ ውስጥ ይገባል፣ ገብቶም እቃውን ያቃጥለዋል። ቮልቱን ሳታነቡ «ልክ ነው ገባ» ብላችሁ አታብሩ።

የጭስ ማስጠንቀቂያ ላይ አምራቹ በግልጽ ካልፈቀደ ቻርጅ የሚደረግ አታስገቡ። ሊያልቅ ሲል የሚሰጠው የጩኸት ማስጠንቀቂያ ለአልካላይን አወራረድ የተሰራ ነው፣ ኒኬሉ ግን እስከመጨረሻው ሳይወርድ ቆይቶ ነው የሚያልቀው፣ ሊቲየሙማ ጭራሽ ድንገት ነው። የሰው ህይወት የሚጠብቅ እቃ ስለሆነ እዚ ላይ ለመቆጠብ አትሞክሩ። የህክምና መለኪያም እንደዛው፣ መመሪያው የሚለውን ተከተሉ።

በብዛት የሚሰሩ ስህተቶች

– ዛሬ ሁለት፣ ከወራት በኋላ ሌላ ሁለት ገዝቶ አራት የሚወስድ እቃ ውስጥ መቀላቀል። አራት የሚወስድ ከሆነ አራቱንም ባንዴ ግዙ።
– አልካላይን እና ቻርጅ የሚደረግ ማደባለቅ። ሁለቱንም ይጎዳል፣ አልካላይኑም ያፈሳል።
– ዘጠኝ ቮልቱን አራት ማእዘን ባትሪ ሁሉም አንድ ነው ብሎ መግዛት። በኒኬል ሲሰራ 8.4 ቮልት እና 7.2 ቮልት የሆነ አለ፣ 7.2 ብዙ እቃ ላይ አይበቃም፣ 8.4 የሚለውን ምረጡ።
– ከእሽጉ ጋር «ስጦታ» ሆኖ የመጣውን ቻርጀር ሳይፈትሹ መጠቀም። 5ኛው ላይ ባለው ለኩት፣ ጥሩም ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሰአት ቆጣሪው ነው።
– ለቻርጀሩ ደካማ የስልክ አዳፕተር መስጠት። አራት ሲገባበት ኃይሉ አይበቃውም፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ይጀምራል።
– አንዱ ስለደከመ ሴቱን ሙሉ መጣል። አንድ በአንድ ፈትሹ፣ የመፈተሻ ሞድ ከሌላችሁ ሁሉንም ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳርፉና በቴስተር ለኩ፣ ሌሎቹ 1.3 ላይ ሆነው አንዱ 1.2 ወይም ከዛ በታች ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው። የቀሩትን ሁለት ለሚወስድ እቃ አውሏቸው።
– ከተጻፈበት ከ60 ፐርሰንት በታች የሚይዘውን አላስወግድም ብሎ ማቆየት። ሌሎቹን ይዞ ነው የሚወድቀው። ስታስወግዱት እሳት ውስጥ አይጣል፣ ሊቲየም ከሆነ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኑ፣ ያገለገለ ባትሪ የሚሰበስብ ቦታ ካለ እዛ ስጡት።